ያልተጨበጨበለት ዘፈን

«ልጄ ዳኛ ሆነች ብዬ ደስ ይበለኝ? ኧረ ተይኝ እቴ! እሷ እንኳን ነጥብ፣ ቅንጣት ስኳር ለዘመድ ጨምራ አታውቅ!»

እማማ ዘነበች ይህን በአጥር ላይ ለጎረቤታቸው ሲናገሩ ሸዋዬ ጓዳ ሆና ፊቷን እየታጠበች ነበር። እናትየው ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም፤ ልጃቸው እንድትሰማ ነው የተናገሩት። ሸዋዬም ሰማች። ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ አበሰችና ምንም እንዳልሰማ ሰው ሆና ወጣች፤ እናትና ልጅ እንደምን አደርሽ ተባባሉ፤ ከዚያ ወዲያ ነገር አልቀጠለም። በዚያ ቤት ነገር የሚያልፈው እንዲህ ነው፤ ለጎረቤት ይነገራል፣ ለባለቤቱ ዝም ይባላል። እውነቱን እንናገር ከተባለ እማማ ዘነበች ቂም ቢይዙም አይፈረድባቸውም። ሸዋዬ የታችኛው ቀበሌ ኅብረት ሱቅ ሻጭ ናት፤ ስኳሩንም ጨውንም ሳሙናውንም ላምባውንም ለሕዝቡ የምታድለው እሷ ናት። አንድ ጊዜ ድንገት እንግዳ መጥቶባቸው እናትየው በሱቁ የጓሮ በር ብቅ ቢሉ፣ «እማዬ፣ ሰልፍ አለ» ብላ በዚያ በሮቢት ከተማ ፀሐይ ከሰው ሁሉ ኋላ አቁማቸዋለች። አገር ጉድ አለ። «ሸዋዬ ሚዛን» የሚለው ስም የወጣላት ያን ጊዜ ነው። እሷም ስሙን ወደደችው፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት ጌጥ ያ ስም ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዛሬ ግን ነገሩ ከስኳር ይከብዳል። የላይኛውና የታችኛው ቀበሌ የኪነት ቡድኖች የሚወዳደሩበት ቀን ነው። ያሸነፈው ቡድን ለአውራጃው ኪነት ይቀራል፤ ደሞዝ ይቆረጥለታል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለኪነት የቀረ ወጣት በመጪው ዙር ለብሔራዊ ውትድርና አይጠራም ብሎ የአውራጃው ካድሬ በስብሰባ መሀል በአፉ ተናግሯል። የሸዋዬ ታናሽ ወንድም ታከለ የታችኛው ቀበሌ ዘፋኝ ነው። ስሙ ለመጪው ዙር ከተመለመሉት ውስጥ ገብቷል። ካሸነፈ ይቀራል፤ ከተሸነፈ በሳምንቱ መኪና ላይ ይወጣል። ከዚያ ቤት ደግሞ አንድ ሰው ቀደም ብሎ በመኪና ወጥቷል፤ የሸዋዬ ባል በምሥራቁ ጦርነት ጊዜ ከጭነት መኪና ላይ እጁን እያውለበለበ ሄደ፣ የተመለሰው መርዶው ነው። ስለዚህ ከቤቱ ሦስት ሰዎች ውስጥ የዛሬው ቀን ምን እንደሆነ ያልገባው የለም። ዳኞች ሲመረጡ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ሸዋዬ! ሸዋዬ ሚዛን!» ሲል፣ ወንድሟ ይወዳደራል ብሎ የተቃወመ አንድ ሰው አልተገኘም። «እሷ ለእናቷም አታጋድል!» አሉና ሳቁ። እምቢ ማለት ሲገባት ደስ አላት። እስቲ ምን ይሉታል፣ ደስ አላት!

ቁርስ ቀርቦ ሳለ ታከለ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ የእሷን ጥቁር ጫማ ሲጠርግ አየችው። ያን ጫማ የምታደርገው ለስብሰባና ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። አንዱን እግር አብርቶ ጨርሷል፤ ሌላውን ገና ሊጀምር ነው። ሃያ ዓመት የሞላው ልጅ ነው፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፤ ሲዘፍን ካልሆነ በቀር ድምፅ ያለው አይመስልም። ያሳደገችው እሷ ናት፤ እንደ እህት ሳይሆን እንደ እናት ቆጥታ፣ ገርፋ፣ አብልታ።

«ተው! ማን አዘዘህ?» አለችው።

«አቧራ ነበረው እኮ፣ እታለም።»

«ዛሬ ነው አቧራው የታየህ?»

ታከለ ቀና ብሎ አያት፤ ምን እንዳለችው የገባው ቆይቶ ነው። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ጫማውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠና ብሩሹን ይዞ ተነሳ። እማማ ዘነበች ከውስጥ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል፤ ሳል ሳሉ። ሸዋዬም ጫማውን አጠለቀችው፣ አንዱ እግር እያብለጨለጨ፣ አንዱ አቧራ እንደለበሰ። አውልቃ ልታስተካክለው ትችል ነበር። እልህ ያዛት። ወንድሟ ዛሬ ጠዋት ሊደልላት እንደሞከረ አድርጋ ቆጠረችው፤ ልጁ ግን በየበዓሉና በየስብሰባው ያን ጫማ ሳይጠርግላት ቀርቶ አያውቅም።

ወደ ሜዳው የሚወስደው መንገድ በደሴ አስፋልት ዳር ነው። የማለዳው አውቶቡስ ገና ቆሞ፣ ከደብረ ሲና ብርድ የወረዱት መንገደኞች ካፖርታቸውን እያወለቁ ፓፓያ ይገዛሉ። ፓፓያ ሻጮቹ ሴቶች ሁሉንም ያውቃሉ፤ ሸዋዬንም ያውቋታል፤ ስኳራቸውን የምትመዝንላቸው እሷ አይደለችም እንዴ! «እንዴት አደርሽ እትዬ ሸዋዬ! ዛሬ እንግዲህ ወንድምሽን አደራ!» አለች አንዷ፣ የበሰለ ፓፓያ አንስታ ልትሰጣት እጇን እየዘረጋች። ሸዋዬ እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች። ሌላዋ ከት ብላ ሳቀችና፣ «ምን አደራ ያስፈልጋል፤ ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ ነው!» አለች። ለጨዋታ ነው ያለችው፤ ክፋት አልነበረባትም። ግን ያቺ ቃል ከሸዋዬ ጋር አብራ ሄደች። የጋሪ ነጂዎቹ ሰላም ሲሏት፣ የመንግሥት እርሻው ጥበቃ ባርኔጣውን ሲያነሳላት፣ ሁሉም በዓይናቸው ያንኑ ተረት የሚተርቱ መሰላት። አይ ይሉኝታ! ሰው የሚበላውን አጥቶ ቢሞት አንድ ጊዜ ነው፤ ይሉኝታ የያዘው ግን ቀኑን ሙሉ ሲሞት ይውላል።

ሜዳው ላይ ትልቅ ዳስ ተጥሏል። ከፊት ለፊት ለዳኞች ጠረጴዛ ቀርቧል፤ ጠረጴዛው ላይ ቀይ ጨርቅና አንድ ጆግ ውኃ። ሸዋዬ መሀል ተቀመጠች። በስተቀኟ መምህር ተክሌ ናቸው፣ የሁለተኛ ደረጃው የአማርኛ አስተማሪ፣ ታከለንም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። በስተግራዋ ጋሽ አብዱልሃዲ ተቀምጠዋል፣ በሽምግልናቸው ከክርስቲያኑም ከእስላሙም ወገን የሚከበሩ የሽንኩርት ነጋዴ። ካድሬው ቆሞ ደንቡን አብራራ። እያንዳንዱ ዳኛ ከሃያ አምስት ይሰጣል። የቀረው ሃያ አምስት የሕዝብ ነው፤ ማለትም ብዙ ተመልካች ያመጣና ብዙ የተጨበጨበለት ብዙ ያገኛል፤ እሱን የምሰጠው እኔ ነኝ አለ። «የኪነት ፈራጅ ሕዝብ ነው! ሕዝብ ደግሞ ይቆጠራል!» ሲል ተጨበጨበለት። ነገሩ ሲሰማ ደግ ይመስላል። ግን የላይኛው ቀበሌ ሰው እንዴት እንደመጣ ሸዋዬ አሳምራ ታውቃለች፤ የዚያ ቀበሌ ሱቅ ሻጭ ጓደኛዋ ናት። ያልመጣ አባወራ የዚህ ወር ስኳር አያገኝም ተብሎ ተለፍፏል። የእርሻው መኪናዎች ሠራተኛውን ከትምባሆ ማሳ ጭነው አምጥተው አራግፈዋል፤ ጓድ መሪዎች በየረድፉ ቆመው ስም እየጠሩ ነው። የታችኛው ቀበሌ ሰው ግን በየግሉ፣ አንድ ሁለት እያለ መጣ። ገሚሱ ቆላ ሰርግ ወርዷል፣ ገሚሱ ሽንኩርት ይነቅላል። የመጣው የታከለን ድምፅ ሊሰማ የመጣ ነው።

የላይኛው ቀበሌ ቡድን ቀድሞ ወጣ። አዲስ ካኪ ለብሰዋል፤ አኮርዲዮን አላቸው፤ የድምፅ ማጉያ ከእርሻው ተውሰዋል። ያ ድምፅ ማጉያ ጆሮ ይበጥሳል። ዘፈኑ ስለ ምርት ዕድገት ነው፤ ቃሉ እንደ መፈክር ተጀምሮ እንደ መፈክር ያልቃል። አንድ ሰው ነጭ መሐረብ ይዞ ከጎን ቆሟል፤ መሐረቡን ሲያነሳ ያ ሁሉ ሕዝብ ያጨበጭባል፣ ሲያወርድ ያቆማል። እንዴት ያለ ጭብጨባ ነው! ዳሱ ተናወጠ። ሸዋዬ ከሩቅ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንድ እጇ ላቧን እየጠረገች በሌላው ጭኗን ስትጠበጥብ አየች፤ ዓይኗ መድረኩ ላይ አልነበረም፣ ጓድ መሪዋ ላይ ነበር። መምህር ተክሌ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው አዛጉ። ጋሽ አብዱልሃዲ መፋቂያቸውን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አዛወሩና «ይበል!» አሉ፣ ካድሬው ስላያቸው።

ቀጥሎ የታችኛው ቀበሌ ልጆች ወጡ። ካኪያቸው የተውሶ ነው፤ ለአንዱ ረዝሞ ለአንዱ አጥሮ። ከበሮውን የያዘው የታከለ ጓደኛ ጀይላን ነው፤ እሱም ለዙር ተመልምሏል። ሁለት ዘፈን እንደ ደንቡ ስለ አብዮቱና ስለ መሠረተ ትምህርት ዘፈኑ፤ ደህና ተጨበጨበ። ለሦስተኛው ጀይላን ከበሮውን መሬት አስቀመጠው። ታከለ ብቻውን ወደ ፊት ወጣ፤ ዋሽንት የሚነፋው ልጅ ከኋላው ቀስ ብሎ ጀመረለት። ድምፅ ማጉያውን አልፈለገም። ያን ክፉ ዓመት፣ ገና ዓመት እንኳ ያልሞላውን ድርቅ ነው የዘፈነው።

«ቀንበሩ ተሰቅሎ በሬው ወዴት ሄደ፣
ደጃፉ ተዘግቶ ሰው ወዴት ወረደ።»

ሌላም ሌላም ስንኝ ነበረው፤ ሁሉም እንዲሁ እየጠየቀ የሚያልፍ፣ መልስ የማይሰጥ። ሸዋዬ ቤት ውስጥ ሲለማመድ ሰምታው አታውቅም፤ ወንዝ ዳር ሄዶ ነው ያጠናው። ሁለተኛውን ስንኝ ሲጨርስ በሜዳው ላይ ሳል እንኳ አልተሰማም። የታችኛው ብቻ አይደለም፤ የላይኛውም ቀበሌ ሰው ፀጥ አለ። ሽማግሎች ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ከትምባሆ ማሳ የመጡት ሴቶች አንገታቸውን ደፉ፤ አንዷ «ያ አላህ» ስትል ተሰማች፣ አንዷ ደግሞ ማርያምን ጠራች። ጋሽ አብዱልሃዲ መፋቂያቸውን ከአፋቸው አውጥተው በእጃቸው ያዙት፤ እንባቸው በጢማቸው ውስጥ ሲወርድ አልጠረጉትም። ይሄ ያሳደግኩት ልጅ ነው? ይሄን ሁሉ ከየት አመጣው? አለች ሸዋዬ በልቧ። ዘፈኑ አለቀ፤ ታከለ እጅ ነስቶ ተመለሰ። ማንም አላጨበጨበም። በለቅሶ ላይ ማን ያጨበጭባል? ነጭ መሐረብ የያዘው ሰውዬ እንኳ መሐረቡን ለዓይኑ ነው ያዋለው። ካድሬው ግራና ቀኝ ተመለከተና ወደ ዳኞቹ ጠጋ ብሎ፣ «ሕዝቡ አልወደደውም መሰለኝ» አለ። የሕዝቡንም ነጥብ ጎንበስ ብሎ ጻፈ።

አሁን የሸዋዬ ተራ ነው። እርሳሷን አነሳች። ከሰማችው ሁሉ የሚበልጠው የቱ እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልጋትም፤ ገና ቆዳዋ ላይ አለ። ሃያ አራት ልትጽፍ እጇን ዘረጋች። ያን ጊዜ የፓፓያ ሻጯ ሳቅ ትዝ አላት። ሃያ አራት! ነገ ሱቅ ደጃፍ ላይ ምን ይባላል? «ሸዋዬ ሚዛን፣ ለወንድሟ ጊዜ ሚዛኑ ተሰበረ» ይባላል። ለእናቷ ስኳር የከለከለችው ለታይታ ነበር ይባላል። ደግሞስ ምን ቸገረኝ አለች፤ መምህር ተክሌ አሉለት፣ አማርኛ ያስተማሩት እሳቸው፣ ከማንም በላይ ይገባቸዋል። ጋሽ አብዱልሃዲም አሉለት፤ ይኸው እንባቸው አልደረቀም። እነሱ ሁለቱ ያነሱታል፤ እሱም ያልፋል፣ እኔም ስሜን ይዤ እቤቴ እገባለሁ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ? እንዲህ አስባ አሥራ አምስት ጻፈች። ለላይኛዎቹ ደግሞ አሳነሰች እንዳትባል ብላ አሥራ ሰባት ጻፈች። ወረቀቱን አጥፋ ስትሰጥ እንኳ ኩራት ቢጤ ተሰምቷት ነበር፣ እግዜር ይይላትና።

ካድሬው የእያንዳንዱን ዳኛ ነጥብ አላነበበም፤ ደምሮ ድምሩን ብቻ ተናገረ። የላይኛው ቀበሌ በአሥር ነጥብ አሸነፈ። መኪናዎቹ ጥሩምባቸውን ነፉ፤ ነጭ መሐረቡ ተነሳ፤ ጭብጨባው ወረደ። ሸዋዬ መጀመሪያ የተሳሳተ መሰላት። «ድገምልን!» ልትል ተነስታ ነበር፣ ግን ሁሉም ሰው ያየኛል ብላ ተቀመጠች። ታከለ ከጓደኞቹ ጋር ቆሞ ለአሸናፊዎቹ ያጨበጭብ ነበር፣ ከልቡ። ጀይላን ግን ከበሮውን ተሸክሞ ማንንም ሳይሰናበት ወደ ወንዙ ወረደ።

ሰው ተበትኖ ሲያልቅ ሦስቱ ዳኞች ከዳሱ ሥር ቀሩ። ፀሐዩ አናት ላይ ወጥቷል፤ ከዳሱ ውጭ መሬቱ ይጋረፋል። መምህር ተክሌ ውኃ ቀድተው ጠጡና ብርጭቆውን ሳያስቀምጡ ወደ ሸዋዬ ዞሩ።

«እንዴት ነው ነገሩ፣ ሸዋዬ? ስንት ሰጠሽው?»

«እርስዎስ፣ መምህር?»

«እኔማ ለሁለቱም እኩል ነው፤ አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት። ተማሪዬ ነበር፣ ለተማሪው አደላ እንዳልባል ሰጋሁ። ደግሞ አንቺ አለሽለት ብዬ ነው። እህቱ መቼም ሙሉውን ትሰጠዋለች፣ እኔም ብጨምርበት ተመካክረን ይመስላል አልኩ።»

ጋሽ አብዱልሃዲ መሬት መሬቱን እያዩ፣ «እኔም እንደዚያው ነኝ» አሉ። «ወላሂ፣ ልቤን ነው የነካኝ። በዚያ ዓመት ሁለት የልጅ ልጆች ቀብሬያለሁ። ግን እህቱ አለች፣ አስተማሪው አለ፣ እኔ ሽማግሌው ካድሬ ፊት ምን አስጨነቀኝ አልኩና እኩል ሰጠሁ። አንቺስ ልጄ? ሃያ አምስቱን?»

«አሥራ አምስት» አለች ሸዋዬ።

«ለእነዚያስ?»

«አሥራ ሰባት።»

«ያ ረቢ!» አሉ ጋሽ አብዱልሃዲ፣ እጃቸውን አናታቸው ላይ ጭነው። መምህር ተክሌ የያዙትን ብርጭቆ አዩት፣ ሸዋዬን አዩ፣ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ሸዋዬ በልቧ መደመር ጀመረች፤ በሱቅ ሥራ የለመደችው ነው፣ አያቅታትም። ከአሥሩ ነጥብ ስምንቱ የካድሬው፣ ሁለቱ የእሷ ነው። እንደ ሰማችው ሃያ አራት ለእሱ፣ አሥራ ሦስት ለእነዚያ ጽፋ ቢሆን ኖሮ ታከለ በሦስት ይበልጥ ነበር። መምህሩ ብቻቸውን የሰማቸውን ቢጽፉም ያልፍ ነበር። ጋሽ አብዱልሃዲም ቢሆኑ። ከሦስቱ አንዳቸው የጆሯቸውን ቢጽፉ ልጁ ይተርፍ ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ፤ እዚህ ግን ፈረሱም ጋላቢውም ያው ሦስቱ ናቸው፣ እርስ በርስ የተማመኑ። የእነሱ እንኳ ይቅር። እነሱ እኩል ሰጡ። ከወንድሟ የቀነሰች እሷ ብቻ ናት።

እቤቷ መሄድ አልቻለችም። ሱቁን ከፍታ ገባችና በሩን መልሳ ዘጋች። ዕለቱ እሑድ ነው፤ የሚሸጥ ነገር የለም። ውስጡ ምድጃ ነው፤ ላምባና ሳሙና ይሸታል። ባዶ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ለባሏ እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም፤ ያኔ የምትከሰው ሌላ ሰው ነበራት። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። ደብሪቱ ናት፣ የላይኛው ቀበሌ ሱቅ ሻጭ፣ ጓደኛዋ። ገብታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን እያሻሸች፣ «አይዞሽ፣ አይዞሽ እህቴ» አለቻት። «ሰው ሁሉ አዝኖልሻል። ሙሉውን ነው የሰጠችው፣ እሷ ምን ታድርግ፣ ብቻዋን አልቻለችም ነው የሚሉት። ደግ አደረግሽ፤ ለወንድም ያልሆነ ነጥብ ለማን ይሆናል?»

ሸዋዬ እንባዋ ደረቀ። ያን ሁሉ የፈራችው ወሬ ያው ተወርቷል፤ ሰው ሁሉ አድልታለች ብሎ አምኗል፣ ደግሞም ማንም አልተቀየማትም። «ማን ነው እንዲህ ያለው?» አለች። «ማን ያላለ አለ!» አለች ደብሪቱ፣ ደስ የምታሰኛት መስሏት።

ፀሐዩ በረድ ሲል ወደ ቤቷ ሄደች። ከሩቅ ደጃፋቸው ላይ ሰው ተሰብስቦ ስታይ ደንግጣ ሮጠች፤ ለካስ ሰዉ የመጣው ለታከለ ነው። ግቢው ሞልቶ አጥሩ ላይ የተደገፈ አለ፣ መንገድ ላይ የቆመ አለ። ግማሾቹ የላይኛው ቀበሌ ሰዎች ናቸው፤ ጠዋት በመኪና የተጫኑት፣ አሁን በእግራቸው የመጡት፤ ያቺ ነፍሰ ጡር ሴትም አለች፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ። «ያቺን ዘፈን ድገማት፣ እባክህ፤ ጠዋት በደንብ አልሰማናትም» ይሉታል። ታከለ እያፈረ ከደጃፉ ላይ ቆሞ ደገመላቸው። ማንም ስማቸውን አልጠራም፤ ማንም አልቆጠራቸውም። ሲጨርስ አንድ ሽማግሌ ተነስተው ግንባሩን ሳሙት፣ «በሰላም ተመለስ» አሉት። ከዚያ ሁሉም እየተነሳ ያንኑ ቃል እያለው ወጣ። በሰላም ተመለስ። ሸዋዬ ግንቡን ተደግፋ ያን ቃል ከሁሉም አፍ ሰማች።

ግቢው ባዶ ሲሆን እማማ ዘነበች መጥተው እጇን ያዟት። ዓመት ሙሉ እንዲያ ይዘዋት አያውቁም። «አንቺስ ያለሽን ሰጥተሻል፣ ልጄ። ሰምቻለሁ። እግዜር ይስጥሽ፤ ማኅፀኔን አላሳፈርሽም» አሉና ጉንጯን ስመው ራት ሊያቀርቡ ገቡ። ሸዋዬ ልትናገር አሰበች፤ እማዬ፣ እንዲህ አይደለም ልትል። ግን አልተከተለቻቸውም። ታከለ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ወደ እሱ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች።

«እታለም» አለ በመጨረሻ፣ «ስንት ሰጠሽኝ?»

መዋሸት ትችል ነበር። አገር በሙሉ ዋሽቶላታል፤ ዝም ብትል ይበቃ ነበር። «አሥራ አምስት» አለችው። «ለእነሱ አሥራ ሰባት።»

ታከለ ከመሬት ጭራሮ አንስቶ ሰበረ። «መጥፎ ነበር እንዴ?» አለ።

«አልነበረም።»

«ዜማው ነው ያልጣመሽ? ወይስ ስንኙ?»

«ታከለ፣ እንደዚያ ያለ ነገር በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። በማርያም! ሌላ ምንም ማየት አቅቶኝ ነበር።»

ልጁ ፊቷን ትክ ብሎ አየ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ በወደደች። ነገሩ በእውነት ግራ ገብቶት ነው የጠየቃት።

«ታዲያ ያንኑ አትጽፊውም ነበር?»

ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው ልትለው አፏን ከፈተች፤ አፍራ ተወችው። ታከለ መልሷን ትንሽ ጠበቀ፤ ከዚያ እናቱ ራት ቀርቧል ብለው ሲጠሩት ተነስቶ ገባ።